ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ያቃተው ልጅ፦ ቀድመው የሚታዩ ምልክቶች

ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ሳይደናቀፍ ቢወርደው ገና ፊደል ለየ ማለት አይደለም፤ ዜማውን ይዞ ሊሆን ይችላል። ገበታውን ያስቀምጡና 10 ፊደላትን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው፣ አደባልቀው፣ አንድ በአንድ ያሳዩት። «ቤ»ን ለማወቅ ከ«በ፣ ቡ፣ ቢ» ጀምሮ የሚቆጥር ከሆነ የያዘው በቃሉ ነው። አንደኛ ክፍል በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ የተለመደ ነው። ሁለተኛ ክፍል ላይም ከቀጠለ ግን ችላ አይበሉት። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ባ»ን ከ«ቦ» ማምታታትም እንደዚሁ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ያምታታል።

ከዓይን ይልቅ ጆሮ ቀድሞ ይናገራል፤ ይህን ፊደል ሳይጀመር፣ በ5 እና በ6 ዓመት መሞከር ይቻላል። «ሰላም በል። አሁን ሰ-ን ትተህ በል» ይበሉት፤ «ላም» ማለት አለበት። «ወንበር» ያለ «ወን»፣ «በር»። ጨዋታው ሲገባው ግምት የማያዋጣባቸውን ይስጡት፦ «ከተማ» ያለ «ከ»፣ «ጨረቃ» ያለ «ጨ»። ቀጥሎ «በግ» እና «ቡና» ሲጀምሩ ድምፃቸው ይመሳሰል እንደሆነ ይጠይቁት። ይህኛው ከባድ ነው፤ ነገር ግን በ«በ» እና በ«ቡ» ውስጥ ያለውን የጋራ ድምፅ ያልሰማ ልጅ 231ዱንም ፊደላት ለየብቻ ሊሸመድድ ይገደዳል፤ መሃል መንገድ ላይ ይደክመዋል።

ማንበብ ለጀመረ ልጅ አይቶት የማያውቀውን አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ይስጡት፤ ሥዕሉን ይሸፍኑ። የክፍል መጽሐፉ አይሆንም፣ ሸምድዶት ይሆናል። «መ-ን-ገ-ድ» ብሎ ነጣጥሎ ከጠራ በኋላ «መኪና» ካለ፣ ፊደላቱን ማጋጠም አቅቶት ከመጀመሪያው ፊደል ገምቷል። መጥበቅና መላላት ስለማይጻፍ «የገና በዓል» ላይ «ገና»ን አላልቶ ማንበብ ማንንም ያጋጥማል፤ ልዩነቱ ደህና አንባቢ ትርጉሙ ሲሰናከልበት ተመልሶ ያርማል፣ የተቸገረው ግን ይቀጥላል። ያንኑ ጽሑፍ እርስዎ ሲያነቡለት ጥያቄውን በሚገባ ከመለሰ ችግሩ ንባቡ ላይ ነው። ሰምቶም ካልገባው የመስማት ወይም የቋንቋ ጉዳይ ሊኖር ይችላል።

ዲስሌክሲያ (ፊደልን ከድምፁ ማዛመድ የሚያስቸግር፣ አብሮ የሚወለድ የንባብ ችግር) ነው ከማለት በፊት ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። በተጨናነቀ ክፍል፣ መጽሐፍ ለሦስት እየተካፈሉ የሚማሩ ብዙ ልጆች የማያነቡት በወጉ ስላልተማሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ለስድስት ሳምንት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ አራት አራት ፊደል ያስተምሩት፤ የሳተውን ከነቀኑ ደብተር ላይ ይመዝግቡ። ያልተማረ ልጅ ቶሎ ይያያዘዋል። ዓርብ ያወቀው ፊደል ሰኞ በተደጋጋሚ የሚጠፋበት፣ አፉን ዘግይቶ የፈታ ወይም በቤተሰቡ ንባብ ያስቸገረው ሰው ያለ ከሆነ ግን «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ደብተሩን ይዘው ከክፍል መምህሩ ጋር ይነጋገሩ፤ ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህር ካለው እሱም ይይ።