የድሬዳዋን ልቦለድ ከአንባቢው ጋር እንዴት ማገናኘት ይቻላል?

ከዚራንና ደቻቱን ያልረገጠ ሰው የድሬዳዋን ልቦለድ ሊወደው ይችላል፤ ቀድሞ የሚገዛው ግን የረገጠው ነው። ስለዚህ ማስተዋወቁን ከአዲስ አበባ አይጀምሩ። መጀመሪያ የአንባቢ ዝርዝር ያዘጋጁ፦ አብረዎት የተማሩ፣ ከሰፈር ወጥተው ጅቡቲ ወይም አሜሪካ የገቡ፣ የድሬ ነገር ሲነሳ ጨዋታ የማያልቅባቸው።

መንገዱ የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ናያድ ፕሬስ የተባለውን አሳታሚ ድርጅት የመሠረቱት ሌዝቢያን ሴቶች በትልልቅ መደብሮች አልተማመኑም። ከመሥራቾቹ አንዷ ባርባራ ግሪየር ቀደም ሲል ካዘጋጁት መጽሔት የቀረ የደንበኞች አድራሻ በእጃቸው ነበር፤ ለእነዚያ ሰዎች በፖስታ ጻፉላቸው። የድርጅቱን የመጀመሪያ ልቦለድ የደረሱት የሕግ ባለሙያዋ አኒዳ ማርቻንት ናቸው፤ ሽፋኑ ላይ የሰፈረው ግን ሳራ አልድሪጅ የሚል የብዕር ስም ነው።

ቀጥሎ ለቅምሻ የሚሆን አንድ ገጽ ይምረጡ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ መሆን የለበትም፤ ቦታው በስሙ የተጠራበት ይሁን። ቀፊራ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ የዋጋ ክርክር፣ ከተማው ለጫት ሲቀመጥ ባዶውን የሚያልፍ ባጃጅ። «የፍቅር ከተማ» የሚለውን ማስታወቂያ ይተዉት፤ ድሬዎች ጠግበውታል። ገጹን በድምፅ ቀርጸው በቴሌግራም ይላኩ።

ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ እንግዳው በድሬዳዋ ሲያልፍ መጽሐፉ አስቀድሞ በመደብሮችና በአዟሪዎች እጅ ይገኝ። ቅናሹንና ያልተሸጠው የሚመለስበትን ቀን በጽሑፍ ይስማሙ።

በሴቶች መካከል ስላለ ፍቅር ለምትጽፍ ደራሲ ግን አዟሪም ምረቃም አይመከርም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድርጊት ይቀጣል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት ቢሆንም ጎረቤት ልቦለድን ከኑዛዜ አይለይም። የብዕር ስም ደግሞ ሽፋኑ ላይ ብቻ ከቀረ ከንቱ ነው፦ ገዢ በቴሌብር ሲከፍል የተቀባዩ ስም ይታየዋል። ገንዘቡን ውጭ አገር ያለ የሚታመን ሰው ይሰብስብ፤ ለቴሌግራሙም የተለየ ቁጥር ይኑር፣ ቁጥሩም ለማንም እንዳይታይ ይዘጋ። የአንባቢዎችን ዝርዝር ለማንም አያሳዩ፤ አደጋው ለእነሱም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሰፈሩ ራሱ ነው። ለልቦለዱ ጉልበት የሚሰጠው የቦታ ዝርዝር ጸሐፊዋንም ያጋልጣታል። ደቻቱ ደቻቱ ሆኖ ይቆይ፤ ያደጉበት ግቢ፣ የእናትዎ ሥራና የትምህርት ቤትዎ ስም ግን ይለወጡ። ያንን አንድ ገጽም ድምፁ ድሬዳዋ ውስጥ የማይታወቅ ሰው ያንብበው።