ስለ ትል፣ አሜባና ወባ ስናስብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሆድ ሲነፋ «አሜባ ነው» እንላለን። ልጅ ሲከሳ ደግሞ «ወስፋት ይዞታል»። ከዚያ ወደ ፋርማሲ ጎራ፣ ክኒኗን ዋጥ፣ አበቃ። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩን የምናየው እንደ ጉንፋን ነው፤ ገባ፣ ሰውነት ተዋጋው፣ ወጣ። ጥገኛ ተውሳክ እንዲህ አይደለም። የሚመጣው ሊቆይ ነው። የቢልሃርዚያ ትል ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ ያውም የተሸከመው ሰው ምንም ሳይሰማው። እኔ እንደማየው ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህንን ከመርሳት ነው።

ሁሉንም በአንድ ክኒን ማከም

ጥገኛ ተውሳኮች አንድ ወገን አይደሉም። ወባ፣ ጃርዲያና አሜባ የሚመጡት በዓይን ከማይታዩ ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት ነው። ወስፋት፣ መንጠቆ ትልና የኮሶ ትል ግን እውነተኛ ትሎች ናቸው። ቅማልና የእከክ ተባይ ደግሞ ኑሯቸው ቆዳ ላይ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው አራባባቸው ላይ ነው። ባለ አንድ ሴሎቹ እዚያው ሰው ውስጥ ይባዛሉ። ጥቂት ከገቡ ይበቃል። ትሎቹ ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሰው ውስጥ ሆነው ቁጥራቸውን አያበዙም። ሴቷ ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹ ግን እዚያው አይፈለፈሉም። ከሰገራ ጋር ወጥተው አፈር ውስጥ ሳምንታት መቆየት አለባቸው። ስለዚህ አሥር ወስፋት ያለበት ሰው ቢያንስ አሥር እንቁላል ውጧል ማለት ነው። መድኃኒት ወስዶ ከወራት በኋላ ትሉ «ተመለሰብኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ነው የተያዘው። ክኒኑ ሥራውን ሠርቷል። ውኃው፣ መጸዳጃውና እጁ ግን እንደነበሩ ናቸው።

መድኃኒቱም ለየብቻ ነው። አልቤንዳዞል የትሉን ሴል ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ፕሮቲን ያፈርሳል፤ የወባ መድኃኒት ግን አይደለም። ሜትሮኒዳዞል ጃርዲያንና አሜባን ይገድላል፤ ወስፋትን አይገድልም። ቢልሃርዚያ የሚታከመው በፕራዚኳንቴል ነው። «ለሆድ ነው» ተብሎ ከሰው የተረፈ ክኒን መዋጥ እንግዲህ የዕድል ጉዳይ ነው።

«ሰውነቴ ጠንካራ ነው፣ ራሱ ይገላግለኛል»

ይህ ከሁሉም የተስፋፋው ይመስለኛል። ባክቴሪያ ሲገባ ነጭ የደም ሴል ከብቦ ይውጠዋል። ጥሩ። ወስፋት ግን ከ20 እስከ 35 ሳንቲሜትር ይረዝማል። አንድ ሴል ይህንን ልዋጥ ቢል ጉንዳን በሬ ልዋጥ እንዳለች ነው።

ሰውነት ስለዚህ ሌላ ዘዴ ያመጣል። አይጂኢ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ማስት የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ይረጫሉ። ኢኦሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ትሉን ከበው በላዩ ላይ መርዛማ ፕሮቲን ይደፉበታል፤ በተለይ ገና እጭ ሆኖ በሥጋ ውስጥ ሲጓዝ። አንጀት ደግሞ ንፍጥ ያበዛል፣ ፈሳሽ ይጨምራል፣ እንቅስቃሴውን ያፈጥናል። በአጭሩ፣ መግደል ካቃተው አንሸራቶ ሊያስወጣው ይሞክራል። አለርጂ ያለበት ሰው እነዚህን ስሞች ያውቃቸው ይሆናል። አዎ፣ የሚያስነጥሰንና የሚያሳክከን ያው መሣሪያ ነው።

ታዲያ ለምን አይሳካም? ተውሳኮቹም ዝም ብለው አይጠብቁም። የቢልሃርዚያ ትል ከራሳችን ደም የወሰዳቸውን ሞለኪውሎች ገላው ላይ ለጥፎ የቤት ሰው ይመስላል። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይደበቃል። ቀይ የደም ሴል ደግሞ እንደ ሌሎች ሴሎች «ውስጤ እንግዳ አለ» ብሎ ለጠባቂዎቹ የሚያሳይበት መንገድ የለውም። ካላዛርን የሚያመጣው የሌሽማኒያ ተውሳክማ ድፍረቱ ለብቻው ነው፤ የሚኖረው ሊገድለው በተፈጠረው ሴል በማክሮፋጅ ውስጥ ነው።

ለእኔ ግን አንደኛው በፀፀ ዝንብ የሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ተውሳክ ነው። መላ አካሉን የሚሸፍነው የአንድ ፕሮቲን ካባ ነው። ሰውነት ያንን ካባ አጥንቶ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። አብዛኞቹ ተውሳኮች ያልቃሉ። ጥቂቶቹ ግን ቀድመው ሌላ ካባ ለውጠዋል። እነሱ ይባዛሉ፣ ትኩሳቱ እንደገና ይነሳል፣ ሰውነት ከዜሮ ይጀምራል። ለካባ መለወጫ የሚሆኑ ዘረመሎቹ ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ለዚህ በሽታ እስካሁን ክትባት ያልተገኘበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። በቫይታሚን ክኒን የሚረታ ጠላት አይደለም።

«አንዴ ስለያዘኝ ከእንግዲህ አይዘኝም»

ኩፍኝ ላይ ይሠራል፣ ወባ ላይ አይሠራም። ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው ደጋግሞ ከታመመ በኋላ የተወሰነ መቋቋም ያገኛል። ተውሳኩ ደሙ ውስጥ እያለ እንኳ ላይታመም ይችላል። ይህ መቋቋም ግን ካልታደሰ ይላላል። ወባ ወደሌለበት ሄዶ ዓመታት ቆይቶ የተመለሰ ሰው «እኔ እኮ እዚሁ ነው ያደግኩት» ብሎ አጎበሩን ይተዋል። ብዙ ጊዜ ክፉኛ የሚታመመው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የፈቀዳቸው ሁለቱ የወባ ክትባቶችም ጥበቃቸው ከፊል ነው፤ ለዚህም ነው በተደጋጋሚ የሚሰጡትና አጎበር የማይቀረው።

ጉዳቱን ሁሉ ለተውሳኩ መስጠት

አንዳንዱ ጉዳት በእርግጥ የተውሳኩ ነው። መንጠቆ ትል አንጀት ነክሶ ደም ይመጥጣል፤ ሰውየው ብረት ያጥረዋል፣ ደም ያንሰዋል። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ቢልሃርዚያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ደም ሥር ውስጥ ያሉት ጥንድ ትሎች ራሳቸው ብዙም አይጎዱም። የሚጎዳው እንቁላላቸው ነው። ግማሽ ያህሉ ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶበት ጉበት፣ አንጀት ወይም ፊኛ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል። የሰውነት መከላከያ እያንዳንዱን እንቁላል በነጭ የደም ሴሎች ያጥረዋል። በእያንዳንዱ አጥር ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው ሲበዛ ጉበት ይደነድናል፣ ደም መተላለፊያው ይጠባል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል። በሽታው በዋናነት የራሳችን ሰውነት ምላሽ ነው። «እንግዲያው መከላከያው ባይነካውስ?» ለሚል፣ በአይጦች ላይ ታይቷል። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የሌሏቸው አይጦች አጥሩን መሥራት ስለማይችሉ ከእንቁላሉ የሚወጣው መርዝ ጉበታቸውን ቶሎ ጨርሶታል።

የአሳማ ኮሶ እጭ አንጎል ውስጥ ሲገባም ተመሳሳይ ነገር አለ። በሕይወት እያለ ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል። ሲሞት ሰውነት ይነቃና አካባቢው ያብጣል፤ ያኔ የሚጥል በሽታ ይጀምራል። የትል ክኒንም በጭፍን ሲሰጥ ይህንኑ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሐኪሞች አንጎሉን በምስል አይተው፣ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ጨምረው ነው የሚያክሙት።

ጣፋጭ ትል ይፈጥራል ማለት

አይፈጥርም። እንቁላሉ በቆሸሸ እጅ፣ ውኃ ወይም ባልታጠበ ምግብ ካልገባ የፈለገውን ያህል ስኳር ቢበላ ወስፋት አይመጣም። የልጁን ጥርስ ግን ይጎዳዋል፤ ከረሜላ መከልከል ከፈለጋችሁ ይኼ በቂ ምክንያት ነው።

«ተመረመርኩ፣ የለም ተባልኩ» ብሎ ፋይሉን መዝጋት

አንድ የሰገራ ምርመራ ምንም አላሳየም ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። ጃርዲያ አንድ ቀን በብዛት ይወጣል፣ በማግስቱ ይጠፋል። ስለዚህ በተለያዩ ቀናት እስከ ሦስት ናሙና ይጠየቃል። ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ ናሙናው ትኩስ መሆን አለበት። ተንቀሳቃሹ አሜባ ከወጣ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ መፈራረስ ይጀምራል፤ ጠዋት ቤት የተሞላ ዕቃ ረፋድ ላይ ላብራቶሪ ሲደርስ የሚታይ ነገር ላይኖረው ይችላል።

ጊዜውም ያታልላል። የተዋጠው የወስፋት እንቁላል እጭ ሆኖ በሳንባ በኩል ዞሮ ነው አንጀት የሚደርሰው። አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። በመሃል ሰውየው ያስለዋል፣ ደረቱ ያፏጫል፣ ኢኦሲኖፊሉ ይጨምራል፤ ሰገራው ግን ንጹህ ነው። ሌሊት ሌሊት የልጆችን መቀመጫ የሚያሳክከው ክር መሳይ ትልም ብዙ ጊዜ ሰገራ ውስጥ አይገኝም። ሴቷ ወጥታ እንቁላሏን የምትጥለው ፊንጢጣ ዙሪያ ስለሆነ ጠዋት ልጁ ሳይታጠብ ግልጽ ፕላስተር ለጥፎ አንስቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው መፍትሔው።

በተቃራኒው ስህተትም አለ። ጎጂው አሜባና ምንም የማያደርገው ዘመዱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አይለዩም። ስለዚህ «አሜባ» የሚል ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው ሁሉ የሆዱ ሕመም ምክንያት አሜባ ላይሆን ይችላል። ኢኦሲኖፊል ጨመረ ማለትም የግድ ትል አይደለም። አስምና የመድኃኒት አለርጂም ያሳድጉታል። ወባና ጃርዲያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያሳድጉትም።

ስቴሮይድ ሲጀመር የድሮውን መርሳት

ቅድም «ከጥቂቶቹ በቀር» ያልኩት ለዚህ ነው። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ቀጭን ትል አለ። በባዶ እግር በኩል ይገባል፤ እጩ ሳይወጣ እዚያው አንጀቱን በስቶ ያንኑ ሰው መልሶ ሊይዝ ይችላል። በዚህ መንገድ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ የያዘው የሰውነት መከላከያ ነው። አንዳንዴ የሆድ ቁርጠት፣ አንዳንዴ ማሳከክ፣ ብዙ ጊዜ ምንም።

ከዚያ ሰውየው ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም ስቴሮይድ የሚባለው እብጠት ቀናሽ መድኃኒት ይታዘዝለታል። መከላከያው ይላላል። እጮቹ ይበዛሉ፣ የአንጀት ባክቴሪያ ተሸክመው ወደ ደም፣ ወደ ሳንባ፣ አንዳንዴም ወደ አንጎል ይሄዳሉ። በጊዜ ካልተደረሰበት ይገድላል። ኢኦሲኖፊሉ እንኳ በስቴሮይዱ ምክንያት ዝቅ ሊል ስለሚችል ምልክት ላይሰጥ ይችላል።

ስለዚህ ስቴሮይድ ለሳምንታት ሊታዘዝላችሁ ከሆነ፣ ሞቃትና እርጥብ አካባቢ በባዶ እግር መሄዳችሁን፣ ከሃያ ዓመት በፊትም ቢሆን፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ደም ተወስዶ ፀረ እንግዳ አካሉ ይታያል፤ በሰገራ ብቻ ይህን ትል ማግኘት ከባድ ነው። ከተገኘ ወይም ውጤቱን የመጠበቂያ ጊዜ ከሌለ አይቨርሜክቲን ይሰጣል። ወደ አንዳንድ የመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን ያንንም ጨምሩ። እዚያ የሚገኘው ሎአ ሎአ የተባለ ትል ደም ውስጥ በብዛት ካለ አይቨርሜክቲን አንጎል ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይመረመራል።