የበዓል ወረቀት ሥራ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ነሐሴ ሲጋመስ ሳሎናችን በወረቀት ይሞላል። የእህቴ ልጆችና የጎረቤት ልጆች ይሰበሰባሉ። ለእንቁጣጣሽ የሚታደል ሥዕል ይሣላል፣ አደይ አበባ ይቆረጣል፣ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ይዘጋጃል። ትልልቆቹ ደግሞ የፋሲልን ግንብ በወረቀት ይሠራሉ። አንዳንዱን ንድፍ ከኢንተርኔት በነፃ እናወርዳለን፣ አንዳንዱን ራሳችን እንሥላለን። ጎንደር በዚያ ሰሞን ዝናቡ ገና አለቀቃትም፤ ወረቀቱም እርጥበቱን ይጠጣል።

ከልጆቹ ጋር ስሠራ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ጥፋቱ የሚታይበት ቦታና የተፈጠረበት ቦታ አንድ አይደሉም። ሲለጠፍ አልገጥም ያለው ብዙ ጊዜ ሲታተም የተበላሸ ነው። ስለዚህ ልጁን ከመቆጣትህ፣ ወረቀቱንም ከመጣልህ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂድ።

ተቆርጦ አለቀ፣ ግን ክፍሎቹ አይገጥሙም

አምና የእህቴ ልጅ ግንቡን ስትገጣጥም ጣሪያው ከግድግዳው አነሰባት። "መስመሩን ይዘሽ አልቆረጥሽም" አልኳት። አለቀሰች። ማታ በማስመሪያ ስለካው ልጅቷ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለችም ነበር። ከአራቱ ገጾች ሁለቱን ያተምነው ቤት ነው። ሁለቱን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት። ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኋት።

ምክንያቱ የወረቀት መጠን ነው። በነፃ ከሚወርዱት ንድፎች ብዙዎቹ አሜሪካ ለሚጠቀሙበት "ሌተር" ለሚባለው ወረቀት የተዘጋጁ ናቸው። እሱ 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ ኤ4 ግን 210 በ297 ነው። ፕሪንተሩ "ፊት ቱ ፔጅ" ላይ ከሆነ ንድፉን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ያሳንሰዋል። ሌላው ቦታ ደግሞ በልኩ ያትመዋል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ግን 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ 3 በመቶ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ነው። ጣሪያ እንዳይገጥም ይህ ይበቃል።

መፍትሄው፦ ሁሉንም ገጽ በአንድ ፕሪንተር፣ በአንድ ልክ አሳትም። "አክቹዋል ሳይዝ" ወይም 100 በመቶ በላቸው። ፕሪንተር የወረቀቱን ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ ስለሚተው ንድፉ ዳር ዳሩ ከተቆረጠ ሁሉንም ገጽ ወደ 95 በመቶ አውርድ። ሁሉንም፣ አንዱን ብቻ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አሳትምና ለካው። በፋይሉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የተባለው መስመር በማስመሪያ 5 ካልሆነ የቀሩትን አታሳትም። ቀድሞ የታተመ ካለህ ደግሞ ያነሰውን ገጽ ብቻ ድጋሚ ማሳተም ይበቃል።

ሥዕሉ ሲታተም ደበዘዘ

ይህ ከቴሌግራም የሚመጣ ጣጣ ነው። ንድፍ በፎቶ መልክ ሲላክ መተግበሪያው ያሳንሰዋል። ስልክ ላይ ጥሩ ይመስላል፣ ወረቀት ላይ ግን ጠርዙ ይሟሟል። አንድ ኤ4 ገጽ ጥርት ብሎ እንዲታተም 2480 በ3508 ፒክስል ያህል ቢኖረው ይመረጣል። ስለዚህ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ፤ ፒዲኤፍ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ልጆች ራሳቸው የሣሉትን ማባዛት ስትፈልግም ተመሳሳይ ነገር ይገጥምሃል። የእኛዎቹ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያሉትን ዓይናቸው ትልልቅ መላእክት መሣል ይወዳሉ። እኔም ከኢንተርኔት ከሚወርደው የበረዶ ብናኝ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ታዲያ በእርሳስ የተሣለው ሲባዛ ግራጫ ጥላ ብቻ ይወጣል። እርሳሱን በጥቁር እስክሪብቶ አድምቀው፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አንሳው፣ ከዚያ በስልክ ስካነር ጥቁርና ነጭ አድርገው።

"እንኳን አደረሳችሁ" የሚለው ጽሑፍ ሳጥን ሆኖ ወጣ

በደንብ እየው። ባዶ ሳጥኖች ከሆኑ የሚያሳትመው ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለም ማለት ነው። ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት።

ለሳጥኑ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካርዱን ቤትህ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረህ ውሰድ። ፎንቱ አብሮት ይሄዳል። ወይም እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ ፎንት ጫን። ለዝብርቅርቁ ግን አዲስ ፎንት መጫን ብቻ አይፈታውም። በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ይሻላል፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ካርዱ አምሮ ታተመ፣ ዘመኑ ግን ተሳሳተ

የአምናን ካርድ ዓመቱን ብቻ ቀይረው የሚያሳትሙ አሉ። ወንጌላዊው የአምናው ሆኖ ይቀራል። አያቶች ይህን ሳያዩ አያልፉም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምርና ለ4 አካፍል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። ለምሳሌ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል፣ ቀሪው 2 ነው፤ ዘመነ ማርቆስ። የገና ካርድ ላይ ቀን የምትጽፍ ከሆነም ልብ በል። ገና ታህሳስ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታህሳስ 28 ይውላል። መስቀልና ጥምቀት ግን መስከረም 17ና ጥር 11 ላይ ጸንተው ይኖራሉ።

ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ፕሪንተሩም ይነክሰዋል

እርጥበት ነው። ፓኬቱ ተከፍቶ ክረምቱን መደርደሪያ ላይ የከረመ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ዳር ዳሩም ይሞገጋል። የተከፈተውን ፓኬት በፌስታል ጠቅልለህ ከሲሚንቶ ወለል አርቀህ አስቀምጥ። ለስላሳ የሆነውን ለመቁረጫና ለመለማመጃ አድርገው። ወፍራም ወረቀት የሚነከስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከኋላ በኩል ማስገቢያ ካለው በዚያ አንድ በአንድ አስገባ፣ ሴቲንጉ ላይም የወረቀቱን ዓይነት ወፍራም በል። በተለይ ሌዘር ፕሪንተር ላይ ይህ ካልተነገረው ዱቄት ቀለሙ በደንብ ሳይጣበቅ ቀርቶ በጣት ይፋቃል።

ከተለጠፈ በኋላ ተጨማደደ

ከሁሉ የሚበዛው ብልሽት ይህ ነው፣ ልጆችንም ከሁሉ በላይ የሚያሳዝናቸው። ውኃ የበዛበት ኮላ ወረቀቱን ያርሰዋል። የራሰው ወረቀት ይሰፋል። አንዱ ወገን ሰፍቶ ሌላው ባለበት ሲቀር ይሸበሸባል። ልጆች ደግሞ "እንዲጠነክር" ብለው ኮላውን ያበዙታል።

ኮላውን ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍስስ። ክዳን ላይ ጠብ አድርግና በቁራጭ ካርቶን ስስ አድርገህ ቀባ። ከወፍራሙ ወገን ጀምር፤ ካርቶኑን ቀባና ስሱን ወረቀት አስተኛበት። ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍህ አሻሽ። ከዚያ በላስቲክ ሸፍነህ ከከባድ መጽሐፍ በታች አሳድረው። ቶሎ ይድረቅ ብለህ ምድጃ አጠገብ ብታስቀምጠው ይባስ ይጠማዘዛል።

ኮላ ሲያልቅ በፉርኖ ዱቄት የምናፈላው ሙጫ ለወረቀት ሸጋ ነው። ብዙ ሰው ይጓጉልብኛል ይላል። ምክንያቱ ዱቄቱን በፈላ ውኃ ላይ መበተን ነው። አንድ ስኒ ዱቄት መጀመሪያ በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጥ። ከዚያ ሦስት ስኒ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰልክ ጨምረው። እንደ አጥሚት ሲወፍር አውርደው። በሁለተኛው ቀን መሽተት ከጀመረ ደግሞ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሲበርድ አንድ ማንኪያ አቼቶ ብታደርግበትና ፍሪጅ ብታስገባው ጥቂት ቀን ይቆያል።

ሲታጠፍ ተሰነጠቀ

ወረቀትም እንደ እንጨት ቃጫ አለው። በቃጫው አቅጣጫ ሲታጠፍ ይታዘዛል፣ ተሻግሮ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ለማወቅ ቁራጩን በሁለቱም በኩል ቅደድ። ቀጥ ብሎ የተቀደደበት የቃጫው መንገድ ነው። ንድፉ ሌላ አማራጭ ካልሰጠህ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ተጭነህ መስመር አስምርና እሱን ተከትለህ እጠፍ።

የግንቡ ማማ ጉልላት አልክብ አለ

ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆረው በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። ያሠራው ግንብ አራት ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማዎች፣ በላያቸውም ጉልላት አሉት። ልጆቹ ማማውን ይጠቀልሉና ጉልላቱን ከአንድ ክብ ወረቀት ለመሥራት ይታገላሉ። አይሆንም። ጠፍጣፋ ወረቀት ሳይቆረጥ ወደ ጉልላት አይለወጥም፣ ይጨማደዳል እንጂ።

ቁርጥራጭ መሆን አለበት። ማማው 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ዙሪያው 12.6 ነው። በ12 ብትቆርጠው ጠባብ ይሆናል፤ ለማጣበቂያ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምረህ 13.6 ቁረጥ። ለጉልላቱ 8 ቅጠሎች ሥራ። እያንዳንዱ ከታች 1.6 ሰፍቶ፣ ቁመቱ 3.1 ሆኖ፣ ጎኑ ጎበጥ እያለ ወደ ጫፉ ይጥበብ። ስምንቱን ከታች በአንድ ቀጭን ማሰሪያ አያይዘህ ቁረጣቸው፣ ተነጣጥለው ቢሆን ያሰለቹሃል። ጫፋቸውን ከውስጥ በትንሽ ክብ ወረቀት ሰብስብ። ማማው ቆሞ ከዘመመ የታችኛው ጠርዝ እኩል አልተቆረጠም፤ ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ያልነካውን ቦታ እይ።

አደይ አበባው አንገቱን ደፋ

ስስ ወረቀት ነው፣ ወይም ቅጠሎቹ መሃል ላይ እጥፋት የላቸውም። እያንዳንዱን ቅጠል ለርዝመቱ አጥፈህ ዘርጋው፣ ያኔ ይጠነክራል። ለግንዱ ስንደዶ ሞክሩ፤ ቀጥ ይላል፣ ከገበያም በቀላሉ ይገኛል።

መስከረም 1 ጠዋት ዝናብ ወረደና ቀለሙ ፈሰሰ

ቤት ያለው ባለ ውኃ ቀለም ፕሪንተር ያተመው ብዙ ጊዜ ውኃ ሲነካው ይሟሟል። ፎቶ ኮፒ ቤት በሌዘር የታተመው ግን አይፈስም። ስለዚህ መስመሩን በጥቁርና ነጭ እዚያ አሳትመህ ልጆቹ በክሬዮን ቢቀቡት ይሻላል። ክሬዮን ሰም ስላለው ጠብታ ይችላል፣ በውኃ የሚሟሟ ማርከር ግን ይፈስሳል። የታተመውን ሁሉ ከዋዜማው በላስቲክ ፎልደር አስገባላቸው። ሥዕሉን ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ያውጡት።