የአርክቲክን የባሕር በረዶ ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ተቀምጦ ስለ ሰሜን ዋልታ በረዶ ማስተማር ምን ይጠቅማል የሚሉ መምህራን አሉ። ብዙ ይጠቅማል። ተማሪዎቻችን ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ከቲክቶክም ከዜናም ይሰማሉ። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ የሚነግራቸው ግን ብዙም የለም። የባሕር በረዶ፣ ማለትም ረግቶ የሚንሳፈፍ የባሕር ውሃ፣ ሰው በእጁ ሰርስሮ፣ በሜትር ለክቶ፣ በደብተር ጽፎ የሚያጠናው ነገር ነው። አንድ የሳይንስ ቁጥር እንዴት እንደሚወለድ ለማሳየት ከዚህ የሚመች ርዕስ ብዙ አላየሁም።

መምህራንም በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ አላቸው። በአሜሪካ ፖላርትሬክ የሚባል ፕሮግራም መምህራንን ከዋልታ ተመራማሪዎች ጋር እያጣመረ ወደ አርክቲክና ወደ አንታርክቲካ ሲልክ ቆይቷል። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጉዞ ለሚመኝም፣ ከክፍሉ ሳይወጣ ለሚያስተምርም፣ መጠንቀቅ ያለባቸው ነገሮች አንድ ዓይነት ናቸው።

መምህሩን እንደ ጎብኚ ማየት

ከሳይንቲስቶች ጋር በረዶ ላይ የወጣ መምህር ካሜራ ይዞ ዳር አይቆምም። አካፋ ይይዛል፣ ዕቃ ይጎትታል፣ ይለካል። በረዶው በመሰርሰሪያ ይበሳል። ጫፉ ላይ ተጣጣፊ ብረት ያለው ሜትር በቀዳዳው ይወርዳል። ብረቱ ከበረዶው ሥር ሲደርስ ይዘረጋል፤ ሜትሩ ወደ ላይ ሲሳብ በረዶውን ከታች ይይዛል። ያኔ ውፍረቱ ይነበባል። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሄዶ እንደገና መብሳት ነው። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በብርድ ይረጋል። ባትሪም ቶሎ ይደክማል። ከቡድኑ አንዱ ደግሞ የዋልታ ድብ እንዳይመጣ ዙሪያውን ሲጠብቅ ይውላል።

ለተማሪ መንገር ያለብን ይህንን ልፋት ነው። በተለይ አንድ ነገር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንዱ ቀዳዳ 2 ሜትር ሊያሳይ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ 60 ሴንቲሜትር ሊያሳይ ይችላል። የበረዶ ንጣፎች እየተጋጩ ስለሚደራረቡ ውፍረቱ ወጣ ገባ ነው። ታዲያ ሁለተኛው ቁጥር «ልክ አይመስልም» ተብሎ አይስተካከልም። የተነበበው ይጻፋል። በእኛ ላቦራቶሪ ተማሪው መጽሐፉ ላይ ያለውን መልስ አይቶ የራሱን ልኬት ሲያስተካክል ስንት ጊዜ ዝም ብለን እናልፋለን? እኔ ከሁሉም የሚከብደው ስህተት ይህ ይመስለኛል።

አርክቲክን የብስ ማስመሰል

አርክቲክ በየብስ የተከበበ ውቅያኖስ ነው። አንታርክቲካ በውቅያኖስ የተከበበ አህጉር ነው። ፔንግዊን በደቡብ፣ የዋልታ ድብ በሰሜን። ሁለቱን አንድ ፖስተር ላይ አብሮ መሳል ይቁም።

«በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ሞልቶ ይፈስሳል» ማለት

ይህኛው በክፍል ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። እየተንሳፈፈ ያለ በረዶ በክብደቱ ልክ የሆነ ውሃ አስቀድሞ ገፍቷል። ስለዚህ ሲቀልጥ የባሕሩን ከፍታ ለመለወጥ ያለው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ባሕሩን የሚያስነሳው ከየብስ ላይ ቀልጦ የሚገባው ነው። የግሪንላንድ በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር በ7 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል።

ተማሪው ይህን በዓይኑ ይየው። ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ይዘጋጅ። በአንዱ በረዶው ውሃው ላይ ይንሳፈፍ። በሌላው መሃል ላይ ድንጋይ ይግባና በረዶው ከውሃው በላይ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥ። የውሃው ከፍታ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት። በረዶው ከአንድ ሱቅ ፍሪዘር ሊገኝ ይችላል። ብርጭቆዎቹ እስከ አፋቸው አይሞሉ፤ ፀሐይ ላይም አይቀመጡ። በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ድንጋይ ያለበት ከምልክቱ በላይ ይወጣል፤ ሌላው ባለበት ይቆያል። ሙከራውን ያየ ተማሪ «ቲቸር፣ ታዲያ የባሕሩ በረዶ ቢቀልጥ ምን ችግር አለው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ የብርሃን ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ጨውን መርሳት

የባሕር ውሃ በ0 ዲግሪ አይረጋም። ወደ 1.8 ዲግሪ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት። ሲረጋ አብዛኛውን ጨው ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጨዋማው ውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ይህም ለውቅያኖስ ውሃ ዝውውር አንዱ ምክንያት ነው። ዓመታት የቆየ በረዶ ጨው ስለሚያጣ ሲቀልጥ ለመጠጥ ይሆናል።

በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ጨው ቢሟሟ ከባሕር ውሃ ጋር ይቀራረባል። ይህን ከንጹህ ውሃ ጎን ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እንዲሁ አሳድሮ ጠዋት ማየት ግን ሙከራውን ያበላሻል፤ ሁለቱም ረግተው ይገኛሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ይታይ።

አንድን ዓመት ከአምናው ጋር ብቻ ማነጻጸር

ሳተላይቶች ይህን በረዶ ሳያቋርጡ መከታተል ከጀመሩ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው (እ.ኤ.አ.)። በረዶው በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ 15 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ሰሞን ወይም ጥቂት ቆይቶ ትንሹ ላይ ይወርዳል። በ1980ዎቹ ይህ ትንሹ መጠን 7 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። አገራችን 1.1 ሚሊዮን ስለሆነች ተማሪው መጠኑን ለመገመት ከስድስት ኢትዮጵያ በላይ የነበረው ሦስት ኢትዮጵያ ገደማ ሆነ ብሎ ማሰብ ይችላል።

በማግስቱ ዓመት፣ በ2013፣ በረዶው ወደ 5 ሚሊዮን ከፍ አለ። ሁለቱን ዓመታት ብቻ ያየ ሰው «አገገመ» ይላል። 2011ንና 2012ን ብቻ ያየ ደግሞ «በቃ አለቀ» ይላል። የነፋስና የአየር ሁኔታ ለውጥ አንዱን ዓመት ከፍ ሌላውን ዝቅ ያደርገዋል። ተማሪዎች የአሥርተ ዓመታቱን ነጥቦች በግራፍ ወረቀት ላይ ራሳቸው ቢያስቀምጡ መስመሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ያያሉ። አብረው ደግሞ ስፋት ብቻውን እንደማይበቃ ይንገሯቸው። ቀጭን በረዶ ከሳተላይት ሲታይ እንደ ወፍራሙ ሰፊ ነው።

በረዶው ባለበት የቆመ ይመስል ማውራት

ይጓዛል። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1893 ፍራም የተባለችውን መርከብ በረዶ ውስጥ አስገባ፤ መርከቧም እስከ 1896 ከበረዶው ጋር ተንሳፈፈች። ይህንኑ ሐሳብ የጀርመኗ ፖላርሽተርን በ2019 እና 2020 ሞዛይክ በተባለው ጉዞ ደገመችው፤ የ20 አገሮች ተመራማሪዎች እየተፈራረቁ ሠሩባት። ዛሬ የለኩት በረዶ ነገ ሌላ ቦታ ነው።

ስለ ብርድ አውርቶ ስለ ብርሃን መርሳት

ሀዋሳ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን በአንድ ሰዓት እንኳ አይለያዩም። ዋልታው ላይ ፀሐይ ለወራት አትጠልቅም፣ ለወራትም አትወጣም። ይህ ካልተነገረ የበረዶው ትልቅ ሥራ አይገባም። አመዳይ የሸፈነው የባሕር በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን 80 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ ይመልሳል። ጥቁሩ ባሕር ግን ከ10 በመቶ በታች መልሶ ቀሪውን ይውጣል። በሰኔ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ባለበት ጊዜ በረዶው ከሌለ ውሃው ይሞቃል፤ የሞቀው ውሃ ተጨማሪ በረዶ ያቀልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ አርክቲክ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት የሞቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተማሪው ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ ነው።

ሁሉንም ነገር ከአርክቲክ ጋር ማያያዝ

የሀዋሳ ሐይቅ ውሃ ከፍ ሲል «የዋልታው በረዶ ቀልጦ ነው» የሚል መልስ ከተማሪ ይመጣል። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው ያለው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ከፍታውን የሚወስኑት ዝናቡ፣ ትነቱ፣ ከተራቆተ መሬት የሚወርደው ጎርፍና ደለሉ ናቸው። እዚህ ላይ መምህሩ ለስለስ ብሎ ግን በግልጽ ማረም አለበት።

ካረመ በኋላ ሐይቁን ራሱን ማስለካት ይችላል። በሴንቲሜትር ምልክት የተደረገበት ዘንግ ዳር ላይ ይተከላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ይነበባል። የት ቢተከል ጀልባና ማዕበል እንደማይነቅለው አሞራ ገደል ያሉ ዓሣ አስጋሪዎችን ማማከር ጥሩ ነው። ትልቁ ዝናብ የሚመጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለሆነ የሐምሌና የነሐሴን ንባብ ሐይቁ አጠገብ የሚኖሩ ልጆች በተራ እንዲይዙ ሰኔ ላይ ከወላጆቻቸው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።