ቧንቧውን በሲሚንቶ ከመድፈናችሁ በፊት ቆጣሪውን እዩ

ወደ ጋራዥ አዲስ የውኃ መስመር ስትዘረጉ፣ ከዋናው መስመር በሚነሣበት ቦታ ላይ የራሱ መዝጊያ ይኑረው። ወለሉ ሳይለሰን መዝጊያውን ክፈቱ፤ የቤቱንና የጋራዡን ቧንቧዎች በሙሉ ዝጉና ወደ ቆጣሪው ሂዱ። በመስታወቱ ሥር ያለችው ትንሽ ጥርሳም መዘውር ፈጽማ መቆም አለባት። በዝግታም ቢሆን ከዞረች የሆነ ቦታ ይንጠባጠባል። አሁን የጋራዡን መዝጊያ ዝጉት፦ መዘውሯ ከቆመች ጥፋቱ አዲሱ መስመር ላይ ነው፤ ካልቆመች የቆየ ችግር አለባችሁ። እጅ ዳብሶ የማያገኘውን ጠብታ እሷ ታሳያለች። እኔ ይህን ባለማድረጌ አዲስ ወለል አስፈርሻለሁ፤ እባካችሁ እናንተ አትድከሙ።

ውኃ በጠፋበት ቀን ግን አይሠራም፤ ግፊት ያስፈልጋል። መስመሩ ከታንከር የተቀጠለ ከሆነም የታንከሩን መግቢያ ዘግታችሁ፣ ማታ የውኃውን ልክ ምልክት አድርጉና ጠዋት አነጻጽሩ።