አሮጌ የባቡር ሞዴል ፉርጎ ስታጸዱ

የድሮ የባቡር ሞዴል የጭነት ፉርጎ ለምትሰበስቡ፣ በተለይ የአሜሪካው የመጫወቻ ባቡር አምራች ላዮኔል ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቸውን ባለ 6464 ቁጥር ዝግ ፉርጎዎች ለምታሳድዱ፦ ቆሻሻውን በአልኮል ወይም በቀለም ማቅጠኛ እንዳትነኩት! የጎኑ ጽሑፍ አብሮ ይለቃል፤ ያኔ ዋጋውም አብሮ ወረደ ማለት ነው። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። እምቢ ካለ ለብ ባለ ውሃ ላይ የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጉና በጥጥ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ ፊደሎቹን ግን ዝለሏቸው። መንኮራኩሩ ይዝጋልና ውሃ አይንካው። የፕላስቲክ አካሉ ከብረት ሻሲው በብሎን ይፈታል፣ ለብቻው ማጠብ ይሻላል። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው፦ የሌላ ፉርጎ አካል በቀላሉ ስለሚገጠምበት «ኦሪጅናል ነው» የሚል ሻጭን ቶሎ አትመኑ። ካርቶኑ ካለ ደግሞ ተቀዳዶም ቢሆን አትጣሉት፣ ገንዘብ ነው።