ባለቤቱ ብዙ፣ ግሡ ነጠላ፦ የእንግሊዝኛ የስምምነት ስሕተት ከየት ይመጣል?

አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ባለቤትንና ግሥን ካላስማማ፣ ብዙዎች ምክንያቱን ሕግ ካለማወቅ ይቆጥሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ስንት ተማሪ ሕጉን በቃሉ እየወጣው ያንኑ ስሕተት ይደግማል! አብዛኛው ስሕተት የሚመነጨው በአማርኛ ፍጹም ትክክል ከሆነ ልማድ ነው። ልማዱን ለይቶ ያላወቀ ሰው ሕጉን መቶ ጊዜ ቢሸመድድ ብዙም አይጠቀምም። የእንግሊዝኛ ቃላቱን እንደ ድምፃቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ።

ችግር 1፦ «ዘ ስቱደንትስ ራይትስ»

«ተማሪዎቹ ይጽፋሉ» ስንል የብዛት ምልክት ስሙም ላይ ግሡም ላይ ይታያል። ጆሯችን ይህንን ስለለመደ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ «ስ» ሲጨምር ግሡም እንዲከተለው ይጠብቃል። ነገር ግን ስም ላይ ያለው «ስ» የብዙ፣ ግሥ ላይ ያለው «ስ» የነጠላ ምልክት ነው። በድምፅ ይመሳሰላሉ፤ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ትክክሉ «ዘ ስቱደንት ራይትስ» እና «ዘ ስቱደንትስ ራይት» ነው።

«ስ የምትቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው» የሚል የማስታወሻ ዘዴ አለ። ለጀማሪ ይጠቅማል፤ እኔ ግን ብዙ አልተማመንበትም፤ «ቺልድረን» እና «ሜን» ያለ «ስ» ብዙ ናቸው፣ «በስ» (አውቶቡስ) ደግሞ ነጠላ ሆኖ በ«ስ» ያልቃል። የተሻለው መፍትሔ ባለቤቱን በተውላጠ ስም መተካት ነው። በ«ዜይ» የሚተካ ከሆነ ግሡ ያለ «ስ» ይቀራል፦ «ዘ ቺልድረን ራይት»። በ«ሂ»፣ በ«ሺ» ወይም በ«ኢት» የሚተካ ከሆነ «ስ» ይገባል።

በጥያቄ ጊዜ ምልክቱ ከዋናው ግሥ ተነሥቶ ወደ ረዳቱ ይሄዳል፦ ለአንዱ «ዳዝ ሂ ኖው»፣ ለብዙዎቹ «ዱ ዜይ ኖው»። በኃላፊ ጊዜ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለ«ዋዝ» እና ለ«ዌር» ብቻ ነው።

ችግር 2፦ «ዘ ሊስት ኦፍ ቡክስ አር ሎንግ»

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው፤ በርትተው የሚጽፉ ሰዎችን እንኳ ይጥላል። በአማርኛ «የመጻሕፍቱ ዝርዝር ረጅም ነው» እንላለን። ዋናው ስም «ዝርዝር» ነው፤ ገላጩ ከፊቱ ስለሚቀድም፣ ዋናው ስም ሁልጊዜ ከኋላ ሆኖ ወደ ግሡ ይጠጋል። ስለዚህ አእምሯችን ለግሡ ቅርብ የሆነውን ስም እንደ ባለቤት መያዝን ተምሯል። በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ዋናው ስም «ሊስት» ይቀድምና ገላጩ «ኦፍ ቡክስ» በእርሱና በግሡ መካከል ይገባል። ለግሡ የቀረበው «ቡክስ» ነው፣ አዛዡ ግን «ሊስት»። ስለዚህ «ዘ ሊስት ኦፍ ቡክስ ኢዝ ሎንግ»።

መፍትሔው ከ«ኦፍ» ጀምሮ እስከ ግሡ ያለውን በጣት ሸፍኖ ማንበብ ነው። «ዘ ሊስት ... ኢዝ» ይቀራል፤ ስሕተቱ ከነበረ ወዲያው ይታያል። በተቃራኒውም ይሠራል፦ «ዘ ኪይስ ቱ ዘ ዶር አር ሎስት»፤ በሩ አንድ ቢሆንም የጠፉት ቁልፎቹ ናቸው። «ዋን ኦፍ ዘ ስቱደንትስ ኢዝ አብሰንት» የሚለውም በዚሁ ይፈታል፤ የቀረው አንዱ ነው።

በጣት መሸፈን የማይሠራባቸው ቃላት አሉ። «ሶም ኦፍ»፣ «ሞስት ኦፍ»፣ «ኦል ኦፍ» ከኋላቸው ያለውን ስም ያያሉ፦ «ሶም ኦፍ ዘ ዋተር ኢዝ»፣ «ሶም ኦፍ ዘ ቡክስ አር»። ደግሞም «ዘ ናምበር ኦፍ ስቱደንትስ ኢዝ» ሲባል የሚወራው ስለ ቁጥሩ ነው፤ «ኤ ናምበር ኦፍ ስቱደንትስ አር» ሲባል ግን «በርካታ ተማሪዎች» ማለት ነው። የአንዲት ትንሽ ቃል መለወጥ ግሡን ይለውጣል።

ችግር 3፦ «ዜር ኢዝ ሜኒ ፒፕል»

ምንጩ «ብዙ ሰው አለ» ነው። በአማርኛ ቁጥር ወይም «ብዙ» ከቀደመ ስሙ ነጠላ ሆኖ ሊቀር፣ ግሡም ሊከተለው ይችላል፤ «ሦስት ወንበር ተሰበረ» ቢባል የሚታዘብ የለም። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም፤ ከሁለት ጀምሮ ስሙም ግሡም ብዙ ይሆናሉ፦ «ዜር አር ሜኒ ፒፕል»፣ «ስሪ ቼርስ አር ብሮከን»። «ዜር» ባለቤት ስላልሆነ፣ ከግሡ በኋላ ያለውን ስም አይቶ መወሰን ያስፈልጋል። መጠን እንደ አንድ ድምር ሲታሰብ ግን ነጠላ ነው፦ «ቴን ይርስ ኢዝ ኤ ሎንግ ታይም»። እዚህ ላይ «አሥር ዓመት ረጅም ጊዜ ነው» የሚለው አማርኛችን ያግዘናል።

ችግር 4፦ «ማይ ፋዘር ከም ኤቭሪ ደይ»

ይህን ስሕተት ሳይ አልቆጣም፤ ከአክብሮት ሊመጣ ይችላልና። «አባቴ በየቀኑ ይመጣሉ» ብሎ ያሰበ ሰው ግሡን እንደ ብዙ ያየዋል። እንግሊዝኛ በግሥ አያከብርም፤ አንድ ሰው የቱንም ያህል ቢከበር ነጠላ ነው፦ «ማይ ፋዘር ከምስ»። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «እናንተ» ደግሞ ሁሉም «ዩ አር» ናቸው።

ችግር 5፦ መልካቸው የሚያታልል ቃላት

እነዚህን ከማጥናት በቀር መንገድ የለም። «ሁሉም ያውቃሉ» በብዙ ሲነገር «ኤቭሪዋን ኖውስ» ነጠላ ነው፤ «ኢች» እና «ኤቭሪ»ም እንዲሁ። «ሕዝቡ ያውቃል» በነጠላ ሲነገር «ፒፕል ኖው» ብዙ ነው። «ፖሊስ» እና «ትራውዘርስ» ብዙ ናቸው፤ «ኒውስ» እና «ማቴማቲክስ» ግን «ስ» ይዘውም ነጠላ ናቸው። «ቲም» የመሰሉ የቡድን ስሞች በአሜሪካ አጻጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ሲሆኑ በብሪታንያ ብዙም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው።

ችግር 6፦ ሁለት ባለቤቶች ሲኖሩ

በ«ኤንድ» ሲያያዙ ብዙ ናቸው። «ቱጌዘር ዊዝ» ግን አይደምርም፦ «ዘ ቲቸር ቱጌዘር ዊዝ ዘ ስቱደንትስ ኢዝ»። በ«ኦር» ሲለዩ ግሡ ለእርሱ የቀረበውን ይከተላል፦ «ዘ ቲቸር ኦር ዘ ስቱደንትስ አር»። ተገልብጦ «ዘ ስቱደንትስ ኦር ዘ ቲቸር ኢዝ» ቢባልም ትክክል ነው፤ ለጆሮ ግን ይሻክራል። እንዲህ ሲገጥም ብዙ የሆነውን ስም ወደ ግሡ ማስጠጋት እመርጣለሁ።